ከጎን የተሳለው ጎተራ ጠባቂ

ይህን የምጽፈው አንድ ሽማግሌ እኔ በሠራሁት ሥዕል ምክንያት የሌባ ስም ስለወጣላቸው ነው። ማስተባበል በሚገባኝ ጊዜ ዝም አልኩ፤ ለምን ዝም እንዳልኩም እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም።

ቀየት በምትባል ትንሽ የደጋ ከተማ አስተማሪ ነኝ። ባለፈው ዓመት ሥዕላዊ ታሪክ በተከታታይ መሥራት ጀመርኩ፤ በየሳምንቱ አንድ ገጽ፣ በየገጹ ስድስት ሥዕል፣ ከየሥዕሉ ሥር ጥቂት ቃላት። ኔትወርክ ከተቋረጠ ወራት ስላለፉ በስልክ መላክ አይታሰብም፤ ፎቶ ኮፒ ማሽኑም መብራት ይፈልጋል። ስለዚህ በገበያ ቀን ዋናውን ገጽ ራሱን ከሻይ ቤቱ ግድግዳ ላይ እለጥፍ ነበር። ገብስ የሸጡ ገበሬዎች፣ ተማሪዎቼና ከቅዳሴ የሚመለሱ ካህናት ሳይቀሩ ከፊቱ ይቆማሉ። ማንበብ ለማይችለው የሚችለው ያነብለታል። ደግ አንባቢዎች ነበሩ። አንዱ እርሳስ ያመጣልኛል፤ ሌላው «ያቺን መበለት እንዳትገድላት፣ አደራ!» ይለኛል፤ ባለሻይ ቤቷ ከግድግዳዋ ጭስ የማይደርስበትን ቦታ ለእኔ ለይታ ነበር።

ታሪኩ ስለ አንድ መንደር የዘር ገብስ ጎተራ ነው። ጎተራው በክፉ ዘመን ተከፍቶ ባዶውን ይገኛል፤ ማን እንደወሰደው ግን አይታወቅም።

ከሁሉ የበለጡት አንባቢዬ ባና፣ የበግ ጠጕር ብርድ ልብስ፣ የሚሸምኑ ጎረቤቴ ነበሩ፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። የእድራችን እቃ ጠባቂም እሳቸው ናቸው፤ የድንኳኑና የድስቱ ማስቀመጫ ቁልፍ ከአንገታቸው አይወርድም። እያንዳንዱ ገጽ ሳምንቱን ግድግዳ ላይ ከቆየ በኋላ ለእሳቸው ይሰጣል፤ እሳቸውም በታጠፈ ባና መካከል ያስቀምጡታል። ፊታቸውን ለታሪኩ ጎተራ ጠባቂ ልዋሰው ብዬ ስጠይቃቸው፣

«ምን ሊያሠራኝ?» አሉኝ።

«ጎተራ ይጠብቃሉ።»

«እዚያም ቁልፍ ልታሸክመኝ!» ብለው ሳቁ።

በአሥራ አራተኛው ገጽ ላይ ከጎን ሳልኳቸው። ልጃቸው በአውቶቡስ ተሳፍሮ ከሄደ ወዲህ መንገዱ ተዘግቶ ወሬው ጠፍቶ ነበር፤ እየሸመኑ በበሩ በኩል መንገዱን ያያሉ። እኔም ያየሁትን ሳልኩ። ሆኖም ፊደል በቆጠርኩበት ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቃን ሁሉ በሁለት ዓይናቸው ነው የሚመለከቱት፤ ከጎን የሚሳለውና አንድ ዓይኑ ብቻ የሚታየው ከሃዲው ወይም ጋኔኑ ነው። በአገራችን ይህን ለመረዳት ፊደል መቁጠር አያስፈልግም። እኔ ግን መጽሐፍ ማገላበጥ ሳበዛ ዘነጋሁት።

«ሌባው ታወቀ!» አለ ከፊት የቆመው ገበሬ። «ይኸው፣ አንድ ዓይን!»

«መምህር፣ ደብቀህ ደብቀህ ነገርከን አይደል?» አለች ባለሻይ ቤቷ።

ፈገግ አልኩ እንጂ አልመለስኩም። ስለ አንድ ገጽ ያን ያህል ሲከራከሩ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ደስ ብሎኛል። እውነተኛውን ሌባ በሃያኛው ገጽ ላይ ልገልጠው አስቤ ስለነበር ጉጉታቸው እንዲበርድ አልፈለግሁም።

ጋሼን በመንገድ ላይ ያገኛቸው ሁሉ «ገብሱን የት አደረሱት?» ይላቸው ጀመር። መጀመሪያ «በላሁታ፤ ቦርጬን አታይም?» እያሉ ይመልሱ ነበር፤ እንደ ጭራሮ የከሱ ሰው ነበሩ። ገጹን ስሰጣቸው ግን ረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«አንድ ዓይኔን ምን አደረግኸው?»

«መንገድ እያዩ ነው፣ ጋሼ።»

«እኔስ አውቃለሁ። እነሱ ያውቃሉ?»

በሁለተኛው ሳምንት አንዲት እናት ዐረፉና ድንኳን ሲፈለግ ድንኳኑ ከማስቀመጫው ጠፋ። እድሩ ተሰበሰበ።

«ጋሼ፣ ለጊዜው ቁልፉን ሌላ ሰው ይያዘው» አሉ የእድሩ ዳኛ።

«ድንኳኑን እኔ ወሰድኩት?»

«አላልንም።»

«መምህሩ ብሏል!» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። ጥቂቶች ሳቁ።

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። «ሥዕሉ ሌላ፣ ይህ ሌላ ነው» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አሥራ ስድስተኛው ገጽ ተጠናቆ በቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ በማግሥቱ ገበያ ነው፤ ብናገር የአንባቢዎቼ ጉጉት ይበርዳል። ዝም አልኩ። ቁልፉን ከአንገታቸው አውጥተው አግዳሚው ላይ አስቀመጡት።

«ቁልፉን ተቀብላችሁኛል፤ ስሞት ግን ሬሳዬን እንዳትቀበሉ፤ እድሩ አይቅበረኝ» ብለው ወጡ።

በሚቀጥለው ሳምንት ታሪኬን አቋርጬ አሥራ ሰባተኛውን ገጽ ለእሳቸው ሠራሁ። በስድስቱም ሥዕሎች ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይናቸው ያያሉ፤ ከሥሩም «ጎተራ ጠባቂው አልወሰደም» ብዬ ጻፍኩ። ባለሻይ ቤቷ ወደ ጓዳ ጠራችኝ።

«ጋሼ አስፈራርተውህ ነው፣ አይደል? ገብቶናል። አይዞህ መምህር፣ እኛ ከጎንህ ነን።»

አይደለም ብዬ ማልኩላት። በማልኩ ቁጥር ይበልጥ አዘነችልኝ። የቀሩትም እጄን እየጨበጡኝ ወጡ። ከዚያ በኋላ ሌላ ገጽ አልሠራሁም።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ድንኳኑ ከዓለም ከተማ ተጭኖ መጣ። ሁለተኛው ቁልፍ በእድሩ ጸሐፊ እጅ ነበር፤ ለዘመዱ ተዝካር አውሶት ረስቶት ኖሯል። ሽማግሌዎች ይቅርታ ሊጠይቁ ሄዱ። ጋሼ ቆመው ተቀበሏቸው፤ ቁልፉን ግን አልወሰዱም። ከዚያ ወዲያ እኔን ከበር አላሳለፉኝም። ያልደረሷቸውን ገጾች በባለቤታቸው በኩል ላክሁ፤ ገጾቹን መልሰው አልላኩልኝም።

በክረምቱ አጋማሽ ዐረፉ። እድሩ ድንኳኑን ላከ፤ ባለቤታቸው ከደጅ መለሱት። «እድሩ አይቅበረኝ ብለዋል፤ ቃላቸው ነው» አሉ። ለቀስተኛው ዝናብ ላይ ተቀመጠ፤ እኔም ከመካከሉ ነበርኩ። ልጃቸው አልመጣም።

ከአርባው በኋላ ባለቤታቸውን ስለ ገጾቹ ጠየቅኋቸው።

«ወረቀቱን? ኩበቱ ርሶ አልነድ ሲለኝ እሳት አያያዝኩበት። ትፈልገው ኖሯል እንዴ፣ ልጄ?»

«አይ፣ እማማ።»

የጠፋው፦ ሥዕል፣ አንድ መቶ ሁለት። ገጽ፣ አሥራ ሰባት። ሰው፣ አንድ።