የበቅሎ ደላላው አጥናፉና ሁለቱ የውርርድ ቤቶች

አጥናፉ በከላላ ገበያ በቅሎ ሲያሻሽጥ ሃያ ዓመት ሆኖታል። በሻጭ አንደበት ተማምኖ አያውቅም፤ በቅሎዋን ጭኖ ዳገት ሳያስወጣ ዋጋ አይቆርጥም። ይህ ልማዱ ባለፈው የካቲት ለሚስቱ ወንድም ለምስክር ተረፈው።

ምስክር በቅሎ ሊገዛ አርባ ሺህ ብር አጠራቅሞ አሥር ሺህ ጎደለው። ጉድለቱን በኳስ ውርርድ ሊሞላ አስቦ፣ ገንዘቡን በሙሉ ይዞ ከአጥናፉ ጋር መካነ ሰላም ገባ።

«ጋሼ፣ የዛሬው ጨዋታ ሦስት ግብና ከዚያ በላይ ይቆጠርበታል። ነባሩ ቤት ያስያዙትን በአንድ ነጥብ ሰማንያ አምስት ያባዛል፤ አዲሱ ግን በሁለት ነጥብ አራት» አለ ምስክር።

«አብሽር፣ መጀመሪያ ዳገት እናስወጣቸው» አለ አጥናፉ።

በሁለቱም ቤቶች በዚያው ጨዋታ ላይ ሃያ ሃያ ብር አስያዘ። አራት ግብ ተቆጠረ። በማግሥቱ የነባሩ ቤት ገንዘብ ከፋይ ሰርካለም ትኬቱን አይታ ሠላሳ ሰባት ብር ሰጠችው። በአዲሱ ቤት ግን፣ «ሥራ አስኪያጁ ደሴ ሄዷል፤ ሰኞ ተመለሱ» ተባሉ።

«አርባ ስምንት ብር ላለመክፈል ደሴ የገባ ሰው፣ ዘጠና ስድስት ሺህ ብትበላው የት ይደርስ ይሆን?» አለ አጥናፉ ወደ ምስክር ዞሮ።

«እንግዲያው ከነባሩ ቤት ላስይዛ።»

አጥናፉ ይዞት ወደ ሰርካለም ሄደ።

«ልጄ፣ እናንተ በምን ትኖራላችሁ?»

«ሦስት ግብ ይቆጠራል የሚል አንድ ሰው መቶ ብር ያስይዛል፤ አይቆጠርም የሚልም መቶ ብር። ያሸነፈው መቶ ሰማንያ አምስት ይወስዳል፤ አሥራ አምስቱ የቤቱ ነው» አለች ሳትደብቅ።

አጥናፉ እስኪያነባ ሳቀ። «ምስክር፣ ይቺ የሙያ ባልደረባዬ ናት። ገዢም ይክሰር ሻጭ፣ እኛ ድርሻችንን አናጣም። አንተ ከመቼ ወዲህ ነው ደላላ አሸንፈህ የምታውቀው?»

ምስክር ገንዘቡን ወደ ደረት ኪሱ መለሰ። ሰው በሙያው የተማረውን ከሙያው ውጭም ሲሠራበት ማየት ደስ ያሰኛል።

በሚቀጥለው የከላላ ገበያ በአርባ ሺህ ብር አንዲት በቅሎ ተገኘች፤ ለኮርቻ ባታምር ለጭነት የበረታች። ምስክር ልጓሟን ይዞ፣ «ጋሼ፣ መቼም ከዘመድ ድርሻ አይጠይቁም» አለ።

«አልጠይቅም» አለ አጥናፉ፤ እጁን ግን ዘርግቶ ቆመ።