የትርንጎ ወገብ ልክ

ይህን ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። ሦስት ነፍስ አባት ቀብሬያለሁ፤ ሦስቱም ለሐሜቴና ለጾም መሻሬ ንስሐ ሰጥተውኝ ሞቱ፤ ይህን ግን ከደጃቸው ድረስ ይዤው እየሄድኩ ውጬው ተመለስኩ። አሁን ለማታውቁኝ ለእናንተ እናገራለሁ። ስታነቡ አትዘኑልኝ። ማዘናችሁ ያናድደኛል።

በጣሊያን ጊዜ ጎንደር ከተማ ውስጥ የሴት ልብስ ልክ እወስድ ነበር። ልብስ ሰፊዎቹ ወንዶች ናቸው፤ ጨዋ ሴት ደግሞ ደረቷንና ዳሌዋን በወንድ እጅ አታስነካም። ስለዚህ እኔ በየቤቱ እየሄድኩ በፈትል እለካለሁ። መቀነቷን አስፈትቼ፣ በስስ የውስጥ ልብስ አቁሜ፣ «ሆድሽን አታስገቢ፣ እንደ ልብሽ ተንፍሺ» እላታለሁ። በክሩና በገላዋ መካከል አንድ ጣቴን አስገባለሁ፤ ያለዚያ ልብሱ አስሮ ይይዛታል። ለደረት አንድ ቋጠሮ፣ ለወገብ ሁለት፣ ለዳሌ ሦስት። ሁለት ጊዜ ሳልለካ አልቋጥርም። ሰፊው ሴትዮዋን ሳያያት በእኔ ክር ብቻ ይቆርጣል። ተሳስቼ አላውቅም ነበር። ያ ኩራቴ ነው ሰው የበላው።

ትርንጎ ጎረቤቴ ነበረች። ባሏ ደምሴ ጣሊያን በገባ በዓመቱ ጠመንጃውን ይዞ ጫካ ገብቷል። እህቷ በጥር ልትዳር ስለነበር ትርንጎ ለሠርጉ ወገቡ ጠበቅ ያለ የቺት ቀሚስ ላሰፋ ብትለኝ በመስከረም መጀመሪያ ለካኋት። ሰፊው አያ መርሻ የወታደር ልብስ በዝቶበት ኖሮ ጨርቁን ይዞት ከረመ፤ የሰጠን ጥር ሲገባ ነው። ለበሰችው። ወገቡ አልገጥም አለ።

«ይኼ ሰውዬ አጥብቦት ነው» ብዬ ተቆጣሁና እንደገና ለካኋት። አራት ጣት ጨምራለች። ደረቷም ሞልቷል። የሴት ገላ ሲለካ የኖረ እጅ ይህን ይስታል? ቀና ብዬ ሳያት እንባዋ ወርዷል።

«እቴ፣ የሱው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጭድ ሻጭ መስሎ ይገባል። ሰው ዲቃላ አረገዘች ይበለኝ፤ እችለዋለሁ። ብቻ እሱን አታስበይብኝ።»

ማተቤን ይዤ ማልኩላት።

በማግስቱ ሰኞ፣ ወገቡን እንዲያሰፋው ቀሚሱንና አዲሱን ክር ይዤ አያ መርሻ ዘንድ ሄድኩ። በረንዳው ላይ ሰው ሞልቷል። ከመካከላቸው ሱሪውን የሚያስጠግን አንድ ባንዳ ተቀምጧል። ጆሮ ጠቢነቱን ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። አይቼዋለሁ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ አላየሁትም ካልኳችሁ እየዋሸሁ ነው።

አያ መርሻ ሁለቱን ክሮች ጎን ለጎን ዘረጋና ሳቀ። «የትርንጎን ወገብ በአራት ጣት ሳትሽው! ዕውር ብትለካ ካንቺ ትሻላለች» አለ። ሰዉ አብሮ ሳቀ። ባንዳውም ሳቀ።

ደሜ ፈላ። «ክሬ አልተሳሳተም! ሴትዮዋ እርጉዝ ናት!» ብዬ ጮህኩ። አንዱ ከጥግ ሆኖ «የደምሴ ሚስት? ከማን?» ብሎ አሽሟጠጠ። እኔም «ከባሏ ነዋ! ከማን ሊሆን ኖሯል?» አልኩ።

ሰው «ካፍ ከወጣ አፋፍ» ይላል፤ ቃል በራሱ እግር ሮጦ የሚያመልጥ ይመስል። የእኔ አላመለጠኝም፤ እኔ ነኝ የወረወርኩት። ብዙ ዘመን «ስሟን ላድን ብዬ ነው» እያልኩ ራሴን ሳባብል ኖርኩ። ውሸት! ስሜ ይጥፋ፣ እችለዋለሁ ብላኝ አልነበረም? እኔ ያዳንኩት የራሴን ስም ነው። ማን ገረፈኝ? ማን አስገደደኝ? ባንዳው እንኳ ለሆዱ ብሎ ነው የሸጠው። እኔ ሰው የሰጠሁት አንድ ልብስ ሰፊ «አልተሳሳትሽም» እንዲለኝ ብዬ ነው።

የባሰው ደግሞ ይኸውላችሁ። ለቅዳሜ አምስት ቀን ነበረው። አምስት ቀን ሙሉ በትርንጎ ደጅ ወጣሁ፣ ገባሁ። «አፌ አበላሽቷል፣ እንዳይመጣ ላኪበት» ማለት ምን ያህል ይከብዳል? አፈርኩ። ማተቤን በጠስኩ ማለት አፈርኩ! ምናልባት አልሰማም ይሆናል አልኩ። ሐሙስ ዕለት የሰፋውን ቀሚስ ወስጄ አለበስኳት፤ ልክ ሆነላት። ዞር ዞር ብላ አየችውና «ሸጋ ነው፣ እጅሽ ይባረክ» አለችኝ። እኔም «አሜን» ብዬ ወጣሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ደምሴን የጭዱን ሸክም በሯ ላይ ሲያወርድ አድብተው ሲጠብቁት የነበሩ ባንዳዎች ያዙት። በሳምንቱ ጣሊያኖች ገበያ መሃል ሰቀሉት።

ለቅሶ ላይ ሴቱ ሁሉ «ያወጣበትን አፉን ይቁረጠው» እያለ ሲራገም እኔም አብሬ ተራገምኩ፤ ከሁሉም አብልጬ ጮህኩ። ማንም አልጠረጠረኝም። ሰፊውም ሆነ በረንዳው ላይ የነበሩት ሲጠየቁ ባንዳውን ፈርተው አላየንም አልሰማንም አሉ፤ ፈሪዎች!

በሰኔ ትርንጎ ሴት ልጅ ወለደች። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳ «ካንቺ ወዲያ ማን ዘመድ አለኝ?» ብላ ክርስትና እናት ሁኛት አለችኝ። እምቢ ያላልኩ እኔ ምን ዓይነት ፍጥረት ነኝ? አባቷን ያስሰቀልኩባትን ሕፃን ታቅፌ ቤተ ክርስቲያን ቆምኩ። በእሷ ፈንታ ሰይጣንን እክደዋለሁ አልኩ። መሬት አልዋጠችኝም።

ትርንጎ ሳታውቅ ሞተች። ልጅቷ ዛሬ የልጆች እናት ናት። ዓይኔ ደክሞ፣ ጉልበቴ ከድቶኝ፣ ራሴን የምታጥበኝ፣ የምታጎርሰኝ እሷ ናት። ባለፈው ፋሲካ ጉልበቴን በቅቤ እያሸች «እማዬ፣ አባቴን ማን ይሆን ያስያዘው?» ብላ ጠየቀችኝ። «የሚያውቅ የለም፣ ልጄ» አልኳት። ሰባ ዓመት አልፎኝም ዋሸሁ!

የሚያውቅ አለ። እኔ ነኝ። ይህን አንብባ እግሯን ከደጄ ብታነሳ፣ ሽማግሌ ነን፣ አማላጅ ነን ብላችሁ እንዳትሄዱባት። አርጅታለች፣ ማሪያት እንዳትሏት። አልምርም ካለች አትማረኝ፤ አባቷ ነው።