ሁለት ጊዜ የለፈፍኩት ሞት

እኔ የእድር ጥሩምባ ነፊ ነኝ። ልጄ ይህን ስታነብ "አባዬ፣ ነበርኩ በል" ትለኛለች። እሺ፣ ነበርኩ። ከየካ ሚካኤል ከፍ ብሎ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ፣ ሰው ሲሞት ማለዳ ጥሩምባ ይዞ የሚወጣው እኔ ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ያውም በግድ። ጽሑፌ ቢንጋደድ አትፍረዱብኝ።

የእድርተኛውን ስም በወረቀት ይዤ አላውቅም። በበር ነው የያዝኩት። ከታች ከድልድዩ እጀምራለሁ። አረንጓዴው በር የአስተማሪው፣ መኪና የገጨው ቆርቆሮ የነጋዴዋ፣ ኮሶ ዛፍ ያለበት የዲያቆኑ፣ እያልኩ እስከ ላይኛው ባሕር ዛፍ። በሩን ሳየው ስሙ ከነአባቱ ይመጣል። ጸሐፊው መዝገብ ይዞ ሲሳሳት እኔ አርመው ነበር። ኮርቼበታለሁ፣ አልዋሽም።

የመጨረሻው በር የጓደኛዬ ነው። ግንበኛ ነበር። የዚህ ሰፈር የድንጋይ አጥር ግማሹ የእሱ እጅ ነው።

አንድ ማለዳ የእድሩ ዳኛ ደወለልኝ። "ጋሼ፣ አስተማሪው አርፈዋል። ቀብር ስድስት ሰዓት ነው።" ጥሩምባዬን ይዤ ወረድኩ። ድልድዩ ጋ ስደርስ አረንጓዴው በር የለም። አጥሩ ለመንገድ ተነሥቶ፣ በሩ በነበረበት ቀይ አፈር ተቆልሏል። አፈሩን አውቀዋለሁ፤ ሳምንት ሙሉ አልፌበታለሁ። ያን ቀን ግን ደርቄ ቀረሁ። ጥሩምባውን ነፋሁ፣ አፌን ከፈትኩ፣ ስም የለም። ሰው መስኮት መክፈት ጀመረ። ጥሩምባ ነፍቶ ዝም አይባልም። ከአፌ የወጣው የግንበኛው ስም ነው።

"እድርተኛ! እገሌ አርፏል፤ ቀብር ስድስት ሰዓት!" እያልኩ ዳገቱን ወጣሁ። የተሳሳትኩ አልመሰለኝም። እንዲያውም እያለቀስኩ ነበር።

ላይ ስደርስ የመጨረሻው በር ተከፈተ። ግንበኛው ጋቢውን ደርቦ፣ መፋቂያውን እንደነከሰ ወጣ።

"አንተ ሰውዬ፣ ማን ነው የሞተው?"

"አንተ" አልኩት።

"ቀብሬ ስንት ሰዓት ነው?"

"ስድስት ሰዓት።"

"እንግዲያው ቁርሴን እበላለሁ።"

ሳቀ። ከዚያ ፊቴን አየና ሳቁን ተወው። ክንዴን ይዞ አስገባኝ።

ሳቁ ለሁለታችን ብቻ ነበር። ለቀስተኛው ወደ ላይኛው በር ጎረፈ፤ የግንበኛው እህት ከታች ጀምራ ደረቷን እየደቃች መጣች። ነገሩ እስኪጣራ ሰዓቱ ሄደ። ያን ሁሉ ልጅ ያስተማረ ሰው በጥቂት ሰው ተቀበረ። ሚስቱ በሠልስቱ "ጋሼ፣ በሬን እንኳ ረሱት?" አለችኝ። "በርሽ የለም እኮ" አልኳት። ይቅርታ ማለት ሲገባኝ ይህን አልኩ።

ልጄ ጉርድ ሾላ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት።

"አባባ፣ ሦስት ነገር ልንገርዎት፣ ይያዙልኝ። ማንኪያ፣ በግ፣ ወንዝ። ቆይቼ እጠይቅዎታለሁ።"

እኔ ይህን ሥራ አውቀዋለሁ አልኩ በሆዴ። ማንኪያውን አረንጓዴው በር ላይ ሰቀልኩት፤ በጉን የነጋዴዋ በር ላይ አሰርኩት፤ ወንዙን በኮሶው ሥር አወረድኩት። ቀጥላ ሰዓት ይሣሉ አለችኝ። "እኔ ሰዓት ሠሪ አይደለሁም" አልኳት። ልጄ በክርኗ ጎሸመችኝ።

ቆይታ "እነዚያ ሦስቱ ምን ነበሩ?" አለች። በሐሳቤ ሄድኩ። አረንጓዴው በር አለ። የተገጨው ቆርቆሮ አለ። ኮሶው አለ። በሮቹ ላይ ግን ምንም የለም።

"በሮቹን ልንገርሽ?" አልኳት። አልገባትም።

"ስላልተማርኩ ነው እንዲህ የሆንኩት" አልኳት።

"እሱንም አስቤበታለሁ፤ ግን እሱ አይደለም አባባ። እዚህ፣ በጆሮዎ ትይዩ ጠለቅ ብሎ፣ ትንሽ ቦታ አለች። አዲስ ነገር መጀመሪያ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። መንገድና ቦታም የምትይዘው እሷ ናት። የእርስዎ እየጠወለገች ነው። የድሮው ይቆያል፤ አዲሱ ግን ማረፊያ ያጣል።"

"ትመለሳለች?"

"አትመለስም።"

"መድኃኒቱስ?"

"ትንሽ ያዘገየው ይሆናል። አያድንም።"

አለመዋሸቷን ወደድኩላት። የሚያስቡትን ይጻፉ ብላ ያዘዘችኝም እሷ ናት።

ከዚያ የእድሩ ዳኛ ቤቴ መጣ። "ጋሼ፣ ከእንግዲህ ለሁሉም በስልክ መልእክት እንልካለን። አይድከሙ። ጥሩምባውን ይስጡኝ፤ የእድሩ ንብረት ነው።"

"እኔም የእድሩ ነኝ" አልኩት። አልሰጠሁትም። አንድ ቀን በትክክል ለፍፌ ነው የማስረክበው ብዬ ቆረጥኩ።

ክረምቱ እንደወጣ፣ የግንበኛው ልጅ በማለዳ በሬን አንኳኳች። ለማንም ሳትደውል፣ እንደ ድሮው ልማድ ወደ እኔ ነው የመጣችው። "አባቴ ሞተ" አለችኝ። ሦስት ጊዜ አስደገምኳት። ልጄ ስሙንና የቀብሩን ሰዓት በእስክሪብቶ መዳፌ ላይ ጻፈችልኝ።

ወረድኩ። ድልድዩ ላይ ነፋሁ። መዳፌን አየሁ፤ ስሙን ከነአባቱ ጠራሁ፤ ሰዓቱን ተናገርኩ። አንዲትም አልሳትኩም።

አንዱ በመስኮት "ጋሼ፣ ደግሞ ገደሉት?" ብሎ ሳቀ። አንዷ "ብርድ ነው፣ ገብተው ይተኙ" አለችኝ። ሌሎቹ መስኮታቸውን ዘጉ። ወደ እንጦጦ ፓርክ የሚወጡ መኪኖች ጥግ አስያዙኝ። እስከ ላይ ድረስ እየለፈፍኩ ወጣሁ፤ አንድ ሰው አልተከተለኝም። የመጨረሻው በር ላይ ቆምኩ። መፋቂያውን ነክሶ ይወጣል ብዬ ጠበቅኩ። መዳፌን አየሁ። እንደገና ጠበቅኩ።

ልጄ ለዳኛው ደውላለት ኖሮ፣ ቆይቶ የእድሩ መልእክት ደረሰና በየቤቱ ስልክ ጮኸ። ያኔ በሩ ሁሉ ተከፈተ፤ ነጠላ እያዘቀዘቁ ወጡ። ዳኛው ድንኳን ሲያስተክል አገኘሁትና ጥሩምባውን እጁ ላይ አኖርኩለት።

የሚቀጥለውን የነገረችኝ ልጄ ናት፤ እኔ አላስታውሰውም። ከቀብሩ ወዲህ ብዙ ጠዋት ወደ ላይኛው በር እሄዳለሁ አለች። የግንበኛውን ሚስት "አለ?" እላታለሁ አለች። መጀመሪያ ላይ "ሞተ እኮ" ስትለኝ እንደ አዲስ እዚያው በሯ ላይ አለቅስ ነበር። በየጊዜው እኔን ማርዳት ሰለቻት። አሁን "ወጣ ብሏል" ትለኛለች። እኔም "ሲመለስ መጥቼ ነበር በዪው" ብያት እወርዳለሁ።