ለእናቴ ዳገት የተገጠሙ ጎማዎች

እኔ ስቸኩል አያድርስ ነው። ቡታጅራ አንድ የተገለበጠ የመስክ መኪና ለመለዋወጫ እየተፈታ ነው ሲሉኝ ምሳዬን ጥዬ ተነሳሁ። ሌላ ሰው ቢቀድመኝስ? መስቀል ደርሷል፤ የእኔ አሮጌ ፒካፕ ደግሞ በዚያች ሙልጭ ባለች ጎማዋ ከእምድብር በላይ ያለውን ዳገት እንደማትወጣው አገር ያውቃል።

ዳገቱ የእናቴ ነው። ማለቴ፣ ጫፉ ላይ የአባቷ ቤት አለ፤ አሁን ታላቅ ወንድሟ ይኖሩበታል። ድሮ መኪናዋን ከታች አቁመን፣ እናቴ ቅቤዋን አዝላ እኔን ቀድማኝ ትወጣ ነበር። ጉልበቷ እምቢ ካላት ወዲህ ግን ሁለት መስቀል ወልቂጤ ቁጭ ብላ አሳለፈች። በቅሎ ይምጣልሽ ብንላት፣ "በሽተኛ መስዬ አባቴ ደጅ አልገባም" አለች። ዘንድሮ ደግሞ "ወንድሜን ሰላም በሉልኝ፤ ከእንግዲህ እኔ የለሁበትም" ማለት ጀመረች። ያቺን "ከእንግዲህ" የምትል ቃል ጠላኋት።

ወልቂጤ ያለው ጎሚስታ ወዳጄ አስቀድሞ አስጠንቅቆኛል። የሌላ መኪና ቸርኬ ዝም ብሎ አይገባም፤ የብሎኑ ቀዳዳ ትንሽ ከሳተ ልፋትህ ገደል ገባ። ስለዚህ አንዱን ጎማዬን ፈታን፣ ብሎኖቹን ግራሶ ቀባንና ካርቶን ለጠፍንባቸው። ስድስት ጥቁር ክብ ታተመ። ያንን ካርቶን እንደ ሠርግ ጥሪ ይዤ ቡታጅራ ገባሁ።

ካርቶኑን የተገለበጠው መኪና ቸርኬ ላይ አስጠጋሁት። ገጠመ። ስድስቱም ገጠሙ። ሻጩ ደስታዬን አይቶ እንዳይኮራብኝ ፊቴን ላጨፈግግ ሞከርኩ፤ የት ይሆንልኛል፣ ጥርሴ አልከደን አለ።

ጎማዎቹን ከነቸርኬያቸው ገዝቼ ወልቂጤ ተመለስኩ። ከጎሚስታው ጋር የመጀመሪያውን ጎማ ስናስገባ ልክክ አለ። እኔ መዝለል ስጀምር ጎሚስታው "ቆይ እስቲ፣ መሪውን አዙር" አለኝ። ሳዞረው ጎማው ፓራፋንጎውን ፈገፈገው። ከድሮው ወፍራም ነዋ። "ወላሂ ይሄ ነገር አይሆንም፤ ቢቀርብህ ይሻላል" አለ። ሰውዬው ሲፈጥረው ጨለምተኛ ነው። "አንተ፣ አፍህን በመልካም ክፈት" አልኩትና የፓራፋንጎውን ጠርዝ በመዶሻ ወደ ላይ አጠፍኩት። መኪናዋን የሚሸከሙት ባለስትራዎች ላይም አንዳንድ ብረት አስጨመርኩ። መኪናዋ ብድግ አለች። ወዳጄ ዞር ዞር ብሎ አያትና "እኔ ድሮም ይሆናል ብያለሁ" አለ። ለመጣላት እንኳ ጊዜ አልነበረኝም፤ ክላክስ እየነፋሁ ወደ ቤት ከነፍኩ።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ነጠላዋን ለብሳ፣ በኮባ የተጠቀለለ ቅቤዋን ይዛ ወጣች። መኪናዋን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

"አንተ ልጅ፣ ይሄ መኪና ነው ቆጥ?"

እግሯን አነሳች። አልደረሰላትም። ደግማ ሞከረች፤ ጉልበቷን ይዛ ቆመች። እኔ ብልጡ፣ ዳገት ይውጣልኝ ብዬ መኪናውን ከእናቴ ጉልበት በላይ ሰቅዬዋለሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሷ ግን ዙሪያዋን ቃኘችና አጥር ላይ የተደገፈችውን አሮጌ ጎማ ከነቸርኬዋ አሳየችኝ። "ያቺን አምጣት።" በሩ ሥር አጋደምኩላት። ረግጣ ወጣች። ጎማዋን ከኋላ ጭኜ ተነሳን።

አታትን አለፍን፣ እምድብርን አለፍን፣ ዳገቱ ሥር ደረስን። ሁልጊዜ የምንቆምበት ዛፍ ጋ አልቆምኩም። ማርሽ ቀንሼ ነዳጁን ረገጥኩ። መሐል ላይ የኋላው ተንሸራተተ፤ እናቴ ቅቤዋን አቀፈችና "ንዳ" አለች። ጎማው ጭቃውን ነከሰ፣ ያዘ፣ ወጣን። እልል ማለት አማረኝ።

ጫፉ ላይ ጀፎረው ተዘርግቷል፤ በቤቶቹ ፊት ያለ ሰፊ የሣር ሜዳ ነው፣ ሠርጉም ለቅሶውም ሽምግልናውም የሚያዝበት። ሣሩ ገና የክረምቱን ውኃ እንዳቋጠረ ነበር። እኔ እስከ አጎቴ በር ድረስ ልንፈላሰስ፣ አገር ጎማዬን ይይልኝ ብዬ መሪውን ሳዞር እናቴ ክንዴን ያዘችኝ።

"አቁም። ጀፎረ በጎማ አይታረስም።"

"እማ፣ ጉልበትሽስ?"

"ጉልበቴ የጠላው ዳገት ነው፤ ሜዳ አልጠላም።"

አሮጌዋን ጎማ አውርጄ አጋደምኩላት። እሷን ረግጣ ወረደችና በሣሩ ላይ ቀስ እያለች ሄደች። አጎቴ በከዘራቸው ተደግፈው ወጡ፤ መሐል ላይ ተገናኙና ተቃቀፉ። "እንዴት ወጣሽው?" ሲሏት ሰማሁ፣ በጉራጊኛ። "ልጄ አወጣኝ" አለቻቸው። ጠዋት በሳሙና ያጠብኳቸውን ጎማዎች ዞር ብሎ ያያቸው አንድ ሰው የለም። እኔም አላየኋቸውም፤ እንባዬ አላሳይ ብሎኝ ነበር።

በዓሉ ሲያልፍ እሷ ልትሰነብት፣ እኔ ወደ ሥራዬ ልመለስ ሆነ። ልትሸኘኝ እስከ መኪናው መጣች። አሮጌዋን ጎማ ላነሳ ጎንበስ ስል በእጇ ከለከለችኝ።

"ተዋት፣ እዚሁ አጥሩ ሥር አስጠጋት። ልትወስደኝ ስትመጣ መውጫ ትሆነኛለች። ለከርሞ ደግሞ ስመጣ እወርድባታለሁ።"

ለከርሞ አለች እናቴ።