ለኬንያ ዳባት ላይ የተሟገትኩ ዕለት

በደባርቅ ከተማ ከኔ በላይ ያነበበ ሰው ካለ ይምጣና እንተያይ። የአስኳላን ደጃፍ ተማሪ ሆኜ ረግጬው አላውቅም። ፊደሉን በቄስ ትምህርት ቤት በሁለት ክረምት ለቃቀምኩ፤ የቀረውን ከስኳርና ከጨው መጠቅለያ ጋዜጣ ላይ ራሴን በራሴ አስተማርኩ። ሰማንያን አልፌ ዛሬም ያለ መነጽር አነባለሁ። ይኼን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ለጉራም ቢሆን ያምርብኛል።

ባለፈው ሳምንት ወደ ስሜን ተራሮች የሚወጡ ጎብኚዎች ከተማችን አድረው ነበር። ከኬንያ የመጡ ናቸው አሉኝ። ጠጋ ብዬ በዚያ በማልደብቀው እንግሊዝኛዬ፣ «አያቶቻችሁ በአንገታቸው ያንጠለጠሉትን ቆርቆሮ አውቀዋለሁ» አልኳቸው። አንደኛዋ ልጅ አፏን ይዛ ቀረች። አስጎብኚያቸው ደግሞ፣ «አባባ፣ እርስዎ ይኼን ከየት አወቁት?» ብሎ አፈጠጠብኝ። ከየት እንዳወቅሁት እነሆ።

ያን ጊዜ ሃያ ዓመት ቢሞላኝ ነው። የሊማሊሞን መንገድ ከሚጠግኑት ጋር ድንጋይ ፈላጭ ነበርኩ። መንገዱን ጣልያን ሠራው ይላሉ፤ ገደሉን ከፈለጡት ክንዶች ብዙዎቹ የኛ ሰዎች እንደነበሩ ግን የሚናገር የለም። በገበያ ቀን ዳባት ወርጄ፣ ከእትዬ አለሚቱ ጠላ ቤት ደጃፍ ቆሜ ለገበያተኛው ጋዜጣ አነብ ነበር። የጥቁር ሕዝብ አገሮች ተራ በተራ ነጻ የሚወጡበት ዘመን ነው። ገበሬው አህያውን እንደያዘ ቆሞ፣ «ዛሬስ ማን ወጣ?» ይለኛል፣ የሠርግ ወሬ እንደሚጠይቅ። በሌላው ቀን አቧራ የለበስኩ የቀን ሠራተኛ ነኝ፤ በዚያች ቀን ግን ሰው ነበርኩ።

በታኅሣሥ፣ ጠዋት ጠዋት አመዳይ ሣሩን በሚያነጣበትና በየአውድማው ገብስ በሚወቃበት ወር፣ ኬንያ ነጻ ወጣች ተባለ። የዳባት ትምህርት ቤትም ሕዝቡን በግቢው ሰበሰበ። ክራባት ያሰረው መምህር ጌጡ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ከፍቶ እያነበበ ተረጎመልን። እንግሊዝ አገሪቱን አሠለጠነ፤ ሕዝቡ ሲበስልለት ነጻነቷን በደግነት ሰጣት፤ ይላል።

አባቴ በስሜን ገደላገደል ከጣልያን ጋር አምስት ዓመት ተታኩሶ አንድ እግሩን እዚያው ጥሎ የተመለሰ ሰው ነው። ያንን «ሰጣት» ስሰማ አላስችል አለኝ። ብድግ አልኩ።

«መምህር፣ ሐሰት ነው!»

«አንተ ድንጋይ ፈላጩ አይደለህም? ስንተኛ ክፍል ነህ?»

«ክፍል የለኝም፤ ዓይን ግን አለኝ። የኬንያ ሰው በገዛ አገሩ ለመንቀሳቀስ መታወቂያውን ቆርቆሮ ውስጥ ከቶ እንደ ከብት ቃጭል በአንገቱ ያንጠለጥል ነበር። መሬቱን ተነጠቀ፣ እንቢ ብሎ ጫካ ገባ፣ ታሰረ፣ ተሰቀለ። ስጦታ እንዲህ ነው?»

«ከስኳር መጠቅለያ የተገኘ ታሪክ!» አለ። ተማሪው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ።

እትዬ አለሚቱ ከኋላ፣ «ምን ትገተራለህ? ተሟገተው እንጂ!» ብላ ጮኸች።

ኩታዬን አጣፋሁ፣ ዱላዬን አነሣሁ። «በላ ልበልሃ! እወራረዳለሁ!»

ፊት የተቀመጡት ሽማግሌዎች ዓይናቸው በራ። ይህ የቆመ ሙግት፣ በውርርድና በጥያቄ የሚረቱበት፣ ያን ጊዜም እየቀረ ነበርና ናፍቋቸዋል። አጥቢያ ዳኛው ግራዝማች ውበቱ፣ «በምን ትወራረዳለህ?» አሉ።

«ከረታሁ የትምህርት ቤቱን የመጽሐፍ ቁም ሣጥን ቁልፍ ያስረክበኝ። ከተረታሁ በዳባት ገበያ ዳግመኛ ወረቀት አልገልጥም።»

ያንን ቁም ሣጥን በመስኮት እያየሁ ስንት ጊዜ ምራቄን ውጫለሁ! መምህሩ ሳቀና እሺ አለ። ዋስ ጥራ ስባል እትዬ አለሚቱን ጠራሁ።

«ሴት ዋስ?» አሉ ግራዝማች።

«ጠላዬን ሲጠጡ ሴት መሆኔ ትዝ ብሎዎት ያውቃል?» አለቻቸው። በዋስነት ገባች።

ቀጥሎ ምስክር ተባለ። ኬንያን ያየ ሰው ከዳባት ከየት ይመጣል? አንዱ ሽማግሌማ «ከተከዜ ማዶ ነው?» ብሎ ጎረቤቱን ሲጠይቅ ሰምቻለሁ። መምህሩ ያንን ወፍራም መጽሐፍ ከፍ አድርጎ፣ «ምስክሬ ይኼ ነው» አለ። እኔ ቅቤ የነካው ግማሽ ጋዜጣ ከደረቴ አወጣሁ። ግራዝማች አንዴ መጽሐፉን፣ አንዴ ወረቀቴን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። የገበያ ቀኔ ከእጄ ስትወጣ ታየችኝ። ያኔ ነው የመጣልኝ።

«ተጠየቅ! መጽሐፉን የጻፈው ማነው?»

«እንግሊዛዊ ነው። ትልቅ ሊቅ።»

«መሬት ነጠቀ ተብሎ የተከሰሰውስ?»

መጽሐፉን ገለጥ ገለጥ አደረገ።

«መልስ እንጂ!» አሉ ግራዝማች።

«እንግሊዝ።»

«ዳኛዬ፣ ተከሳሽ ለራሱ የሚመሰክረው በየትኛው ችሎት ነው? የኔ ወረቀት ቅቤ ቢነካውም የጻፈው ያገራችን ሰው ነው፤ ከሁለቱም ወገን አይዛመድም።»

ሽማግሌዎቹ ኬንያን አያውቋትም፤ ይኼን ሕግ ግን ከእናታቸው ጡት ጋር ጠብተውታል። በዱላቸው መሬቱን ደበደቡት። «መምህር፣ ተረትተሃል» አሉ ግራዝማች። «ቁልፉን!»

መምህሩ ከኪሱ አውጥቶ እግሬ ሥር ወረወረው። አላጎነበስኩም።

«በእጄ!» አልኩ።

ጎንበስ ብሎ አንሥቶ መዳፌ ላይ አኖረው። ደግሞ በኋላ፣ «እኔ ነኝ ቁልፉን የሰጠሁት» እያለ ያወራ ነበር አሉ። እንግሊዝስ ከዚህ የተለየ ምን አወራ?

ዛሬ ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ ኬንያን ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲያም በዓይኔ አላየኋትም። ግን ታሪኩን ባለጋራው ብቻ ከጻፈው፣ የተነጠቀ ሰው ሁሉ ተመጽዋች ሆኖ ይቀራል፤ እዚያም፣ እዚህም። ስለዚህ ያደረግሁትን ሌላ ሳይጽፍልኝ እኔው ልጻፍ። ያንን ቁም ሣጥን በሁለት ዓመት ጨረስኩት፣ ያልገባኝንም ጭምር። እንግሊዝኛን ከመዝገበ ቃላት ቆፍሬ አወጣሁ። በስሜን ተራሮች ላሉት ለአምባራስና ለአምቢኮ ገበሬዎች አቤቱታ ጻፍኩ፤ አብዛኛው ረታ። የመምህር ጌጡን የበኩር ልጅ ለፈተና ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፣ አባቱ እያወቀ። በዳባት ገበያ እግሬ እስኪደክም ድረስ ጋዜጣ አነበብኩ። በዚያ በእንግሊዙ መጽሐፍ ላይ ደግሞ፣ «ሰጣት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በቀይ ቀለም ሰርዤ፣ «ታግላ ወሰደች» ብዬ አርሜበታለሁ።