አምቡላንሱ ያለፈው ደጅ

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ነው። የሰማ ሁሉ ተአምር ይለዋል። እኔ ግን ምን ብዬ እንደምጠራው እስካሁን አላውቅም።

አርባ ምንጭ አስተምራለሁ። ያን ቀን ጨንቻ ያለችውን እህቴን ልጠይቅ በሞተር ሳይክል ዳገቱን ስወጣ ጉም ወረደ። ከዶርዜ አለፍ ብሎ ካለው መታጠፊያ ላይ ጭቃ አንሸራተተኝና ከመንገዱ በታች ወደቅሁ። ሞተሩ እግሬ ላይ ተኛ። ጭኔ ተተርትሮ ደሜ ይፈሳል። ስልኬ የት እንደወደቀ አላየሁም።

ዓይኔ መጨለም ሲጀምር ከላይ መኪና ሲቆም ሰማሁ። ባለ በሌለ ኃይሌ ጮህኩ። አምቡላንስ ነበር። ሾፌሩና አንዲት አዋላጅ ነርስ ወደ እኔ ወረዱ።

"ምጥ የያዛት ሴት የታለች?" አለኝ ሾፌሩ።

"ማንም የለም" አልኩት።

ስልኩን አየ። "ቦታው እኮ እዚህ ነው የሚለው።"

ነርሷ ጭኔን ማሰር ጀምራ ነበር። "አንሳው! ይሄ ጊዜ አይሰጥም" አለችው።

ቁልቁል ስንመለስ ሰዎች መንገድ ዘግተው አስቆሙን። ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ይዘዋት ነበር። ባሏ በሩን እየደበደበ "ቅድም በደጃችን አለፋችሁ! እየጮህን አለፋችሁን!" ይላል። አጠገቤ አስተኟት። እስከ ሆስፒታል ድረስ ስታቃስት ሰማኋት። እሷ ተረፈች፤ ልጇ ግን አልተረፈም።

ነገሩን የነገረኝ ሾፌሩ ነው፣ ሆስፒታል ሊጠይቀኝ መጥቶ። ቦታ የሚያሳያቸው አዲስ የስልክ ፕሮግራም ነበራቸው። ባልየው ሲደውል ቤቱ ከአስፋልቱ መገንጠያ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚርቅ በትክክል ተናግሯል። ፕሮግራሙ ግን ቁጥሩን በማይል ቆጠረው። ማይል ከኪሎ ሜትር ስለሚረዝም ምልክቱ ቤታቸውን አልፎ እኔ የወደቅሁበት መታጠፊያ ላይ አረፈ።

"አሁን ተስተካክሏል" አለኝና አንገቱን ደፋ።

ቤተ ክርስቲያን ቆሜ እንድመሰክር ምእመናኑ ጠየቁኝ። "ጌታ አምቡላንስ ልኮልህ እንዴት ዝም ትላለህ?" አሉኝ። ልነሳ ስል የሴቲቱ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

መራመድ ስችል ቤታቸው ሄድኩ። ማን እንደሆንኩ ስነግረው ባልየው አየኝና ወንበር አቀረበልኝ። ሚስቱ ከጓዳ ወጣች።

"እግርህ ዳነልህ ወይ፣ መምህር?"

"ድኗል።"

"እሰይ" አለች፤ ከልቧ ነበር።

በመትረፌ ደስ ይለኛል፤ አልዋሽም። ግን ያ ቁጥር በትክክል ተቆጥሮ ቢሆን ኖሮ እሷ ልጇን ታቅፍ ነበር፤ የእኔን ሬሳ ደግሞ ጉሙ ሲገፈፍ ያገኙት ነበር። የቱ ይሻል ነበር ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ራሴን ግን እጠይቃለሁ፤ መልሱን ጮክ ብዬ ለመናገር አልደፍርም።