የደሴ ባት

ባለፈው ሳምንት ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የእህቴ ልጅ ሰላም ለእረፍት ሞጣ መጥታ፣ ጡንቻ ራሱን እንዴት እንደሚጠግን ታስረዳኝ ነበር። ከወንበር ለመነሳት ሽማግሌ የሚላክብኝ ሰው ስለ ጡንቻ መማሬ!

«ማይክሮ አር ኤን ኤ ይባላሉ ጋሼ። በጣም ደቃቅ ናቸው። ራሳቸው ጡንቻ አይሠሩም፤ የትኛው ትእዛዝ መቼ ዝም እንደሚል ይወስናሉ።»

«የእድር ዳኛ ናቸው በይኛ!»

ሳቀች። በዘር ስለሚተላለፍ የጡንቻ በሽታም ነገረችኝ። ጡንቻው ይፈርሳል፣ ይጠገናል፣ ደግሞ ይፈርሳል፤ በመጨረሻ ጥገናው ይደክምና ቦታውን ስብና ጠባሳ ይይዘዋል። እነዚያ ደቃቆችም ከፈረሰው ጡንቻ ወጥተው ደም ውስጥ ይገኛሉ። «የሚታመሙት ልጆች ባት ስለሚወፍር ያየ ሁሉ ጥንካሬ ይመስለዋል» ስትል ሳቄ ቆመ።

አንድ ልጅ ትዝ አለኝ። ነገሩ ደርግ በወደቀ ማግስት ነው። ሞጣ አስተማሪ ነበርሁ፤ ጎፈሬዬ ከእውቀቴ ይበልጥ ነበር። ዝናሽ የምትባል የቢቸና ልጅ ወደድሁ። አጥንት ተቆጠረ፤ ዝምድና የለም፣ ዘራቸውም የተመሰገነ ነው ተባለ። ኅዳር መጨረሻ፣ ጤፉ ሲታጨድ፣ አባቴ ሽማግሌዎቹን ይዘው በጭነት መኪና ቢቸና ሄዱ። እዚያ ጠላ የሚቀዳው የዝናሽ ታናሽ ወንድም ደሴ ነበር።

«ባቱን እዩት! ይኼስ ጎበዝ ገበሬ ይወጣዋል» ብለው ሽማግሌዎቹ አደነቁት።

ወዲያው ልጁ ወደቀ። ሲነሳ፣ ዛፍ እንደሚወጣ ሰው፣ በእጆቹ የገዛ ጭኑን እየያዘ ወደ ላይ ወጣ። አባቴ ጠላቸውን ሳይጨርሱ አስቀመጡ።

«አጥንት አጥንት ስንል ሥጋውን ረሳነው» አሉኝ ሲመለሱ። ነገሩ ፈረሰ።

እኔ ግን በገና ጾም፣ የጉንደ ወይንን አቧራ እየቃምሁ ቢቸና ወረድሁ። ዝናሽን ከገበያ ስትመለስ አገኘኋት።

«አባቴን ተያቸው፤ እንጥፋ» አልኋት።

«የከለከሉህ አባትህ አይደሉም፤ እኔ ነኝ። ደሴን ያየው ሐኪም፣ በሽታው በእናት በኩል ለወንዱ ይመጣል ብሎኛል። እናቴ ወንድሞቿን በዚሁ ቀብራለች። ደሴን አዝዬ ቤተ ክርስቲያን የምወስደው እኔ ነኝ። የራሴንም ልጅ ልዘል?»

«ሴት ሴቱን እንወልዳለና!»

ከልቧ ሳቀች። «እነሱስ ማንን ሊወልዱ?»

ከያዘችው የሽምብራ እሸት ከፍላ ሰጠችኝና ሄደች። እስከ ሞጣ እየፈለፈልሁ መጣሁ፤ አንዱም አልጣመኝ።

ደሴ ጢም ሳያበቅል ሞተ። እኔ ሌላ አግብቼ ወለድሁ። ዝናሽ ሳታገባ ቀረች።

ይህን ሁሉ ለሰላም ነገርኋት። «ጋሼ፣ እናት በሽታውን ብትሸከምም ሴት ልጇ ላትሸከመው ትችላለች። እኩል ዕድል ነው። ዛሬ በምርመራ ይለያል። ሴትዮዋ አሉ?»

«አለች። ቢቸና።»

«ታዲያ ለምን አይነግሯቸውም?»

ሄጄ ምን ልበላት? ጠጉሯ ሸብቷል። እምቢ ያለችኝ ጨክና አይደለም፤ አውቃለሁ ብላ ነው። ይህን ያህል ዘመን ብቻዋን ያቆማት ያ እርግጠኝነት ነው። «ምናልባት በከንቱ ነበር» ብዬ እሱንም ልንጠቃት? በአባቴ፣ በሐኪሙ፣ በዘመኑ መናደድ እችላለሁ፤ ይህ የኔ ነው። እሷ ግን በማን ትናደዳለች?

«ተያት» አልኋት ሰላምን። እንደ ልማዴ ቀልድ ልጨምርበት ፈለግሁ፤ አልመጣልኝም።